ነጭ ጅራት ወዝዋዥን ከሌሎች ጥቁርና ነጭ ወፎች ስለ መለየት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በወንዝ ዳር፣ በታጨደ ሣር ላይ ወይም በመኪና ማቆሚያ አስፋልት ላይ እየሮጠች ጅራቷን ከፍ ዝቅ የምታደርግ፣ ጥቁር፣ ነጭና አመድማ ቀለም ያላት ቀጭን ወፍ አይተው ማንነቷን የሚጠይቁ ሰዎች ብዙ ናቸው። መልሱ በአውሮፓና በእስያ ሰፊ ክፍል፣ በብርድ ወራት ደግሞ በአፍሪካም ጭምር፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ በሳይንሳዊ ስሟ ሞታሲላ አልባ የምትባለው ወፍ ናት። እዚህ ጠባይዋን ተከትለን ነጭ ጅራት ወዝዋዥ እንላታለን። ይሁን እንጂ «አብዛኛውን ጊዜ» ማለት «ሁልጊዜ» ማለት ስላልሆነ፣ ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች የሚያተኩሩት ተመልካቹን በሚያሳስቱት ነጥቦች ላይ ነው።

ወፏን በመጀመሪያ እይታ በምን ልለያት?

ከቀለሟ በፊት አካሄዷን ይመልከቱ። ከትናንሽ ዘማሪ ወፎች ብዙዎቹ መሬት ላይ ሲሆኑ ሁለት እግራቸውን ገጥመው እንጣጥ እንጣጥ ይላሉ፤ ጅራት ወዝዋዥ ግን እንደ ዶሮ እግሯን እያፈራረቀች ትራመዳለች፣ የምትበላው ነገር ስታይም በድንገት ትፈተለካለች። ከምንቁሯ ጫፍ እስከ ጅራቷ ጫፍ ከ16.5 እስከ 19 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች፤ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ለመሆን ጥቂት የሚቀረው ጅራቷ ብቻ ነው። ክብደቷ ከ25 ግራም እምብዛም አያልፍም። ምንቁሯና እግሮቿ ቀጫጭንና ጥቁር ናቸው።

ዝናብ ካባራ በኋላ አንዲት ወፍ በውኃ ያቆረ ጉድጓድ ዳር ስትመገብ አምስት ደቂቃ ቆመው ቢያዩ፣ ከማንኛውም ሥዕል የበለጠ ትምህርት ያገኛሉ። ቆም ትልና ጅራቷን ሦስት አራት ጊዜ ወደ ታች ትመታለች፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጭቃውን ታያለች፤ አራት አምስት እርምጃ ሮጣ አንድ ነገር ለቀም ታደርጋለች፤ ከዚያ አንዲት ዝንብ ስትነሣ ተከትላት ወደ ላይ ትዘላለች፣ በአየር ላይ ተጣጥፋ ትይዛትና መሬት እንደ ነካች ጅራቷን እንደገና ትመታለች። ይህን ያየ ሰው የወፏን ቀለም ባያስተውል እንኳ ከጅራት ወዝዋዦች ወገን መሆኗን በእርግጠኝነት መናገር ይችላል። የቀረው ከወገኑ የትኛዋ እንደሆነች መለየት ነው፤ ቀለም የሚያስፈልገውም ለዚህ ሥራ ነው።

ጥቁሩና ነጩ የሚያርፉት በየትኛው የአካሏ ክፍል ነው?

ቡሬ ናት ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ልዩነቱ ያለው ጥቁሩ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ በማየት ላይ ነው። በመራቢያ ወቅት ላይ ያለን የአውሮፓ ጎልማሳ ወንድ እንደ መነሻ ብንወስድ፣ ግንባሩና ጉንጮቹ ንጹሕ ነጭ ናቸው፤ አናቱና ማጅራቱ ጥቁር ነው፤ ጉሮሮውና የላይኛው ደረቱም ጥቁር ሆኖ ከነጩ ሆዱ ጋር በግልጽ ይለያል። ጀርባው አመድማ ነው። ክንፎቹ ጠቆር ብለው የላባዎቹ ጠርዝ ነጭ ነው፤ ጅራቱ ጥቁር ሆኖ በሁለቱም ጎን ያሉት የዳር ላባዎች ነጭ ናቸው፤ ይህም ወፉ ሲበር ወይም ጅራቱን ገለጥ ሲያደርግ ጎልቶ ይታያል።

ከእነዚህ ሁሉ አንድ ብቻ ለማየት ጊዜ ካለዎት፣ ፊቷን ይዩ። በነጭ ፊት ላይ ብቻዋን የተቀመጠች ጥቁር ዐይን የዚህች ወፍ ዋና መታወቂያ ናት፤ ምንም እንኳ በእስያ ይህን ደንብ የሚያፈርሱ ንዑስ ዝርያዎች፣ ማለትም በአንድ ዝርያ ውስጥ በየአካባቢው መልካቸው የሚለይ ክፍሎች፣ ቢኖሩም።

እኔ ያየኋት ወፍ ጉሮሮዋ ነጭ ነበር። ሌላ ዝርያ ትሆን?

ላትሆን ትችላለች። ይህች ወፍ በዓመት ሁለት ጊዜ ላባ ትቀይራለች። የመራቢያው ወቅት ካበቃ በኋላ ሁሉንም ላባዋን ስትቀይር የጉሮሮዋ ጥቁር ይጠፋና በነጭ ይተካል፤ ከጥቁሩ የሚቀረው ደረቷ ላይ እንደ አዲስ ጨረቃ የጎበጠ መስመር ብቻ ነው። የብርዱ ወራት ሊያበቃ ሲል ደግሞ የራሷንና የገላዋን ላባ ብቻ እንደገና ትቀይርና ጥቁሩ ጉሮሮ ይመለሳል። ስለዚህ ከሰሜን ተሰደው የብርዱን ወራት በአፍሪካና በደቡብ እስያ የሚያሳልፉትን ወፎች የሚያይ ሰው በአብዛኛው የሚያገኛቸው በነጭ ጉሮሯቸው ነው፤ ሊመለሱ በተቃረቡበት ጊዜ ግን ጉሮሯቸው በግማሽ የጠቆረና የተዥጎረጎረ ሊሆን ይችላል። ጨረቃው ግን በየትኛውም ወቅት ጨርሶ አይጠፋም። ደረቷ ላይ ምንም ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ነገር የሌላት ወፍ ካዩ፣ ሌላ ዝርያ ይጠርጥሩ።

ወንዱንና ሴቷን በምን እለያቸዋለሁ?

በመራቢያ ወቅት የማጅራቱን ጥቁርና የጀርባውን አመድማ መገናኛ ይመልከቱ። በወንዱ ላይ ድንበሩ በቢላዋ እንደ ተቆረጠ ስለታም ነው፤ በሴቷ ላይ ጥቁሩ ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ከአመድማው ጋር ይዋሐዳል፣ የአናቷ ጥቁርም ያነሰ ነው። ከመራቢያ ወቅት ውጪ ግን ልዩነቱ ስለሚደበዝዝ፣ በተለይም ወጣት ወንድና ጎልማሳ ሴት ስለሚመሳሰሉ፣ ጾታውን ሳይወስኑ መተው ከመሳሳት ይሻላል።

ወጣቶቹ ለምን ይህን ያህል ይለያሉ?

ከጎጆ የወጡ ወጣቶች ጥቁርና ነጭ ናቸው ብሎ መናገር ያስቸግራል። ቡናማ የተቀላቀለበት አመድማ ናቸው፤ አናታቸው ላይ ጥቁር የለም፤ ደረታቸው ላይ ያለውም ጨረቃ የደበዘዘና ጠርዙ ያልጠራ ነው። ፊታቸው ላይ ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ ቢጫ ይታያል፤ ይህ ቢጫ የመጀመሪያውን ላባቸውን ከቀየሩ በኋላም ለጥቂት ወራት ሊቆይ ስለሚችል፣ ጀማሪዎች «ቢጫ ጅራት ወዝዋዥ አየሁ» ብለው እንዲመዘግቡ ያደርጋል። እኔም መጀመሪያ አካባቢ አንዲቱን እንዲህ ብዬ መዝግቤያት ነበር፤ ስህተቱ የተገለጠልኝ ጥቁርና ነጭ የሆነችው እናቷ መጥታ ትል ስታጎርሳት ነው።

ጀርባዋ አመድማ ሳይሆን ጥቁር የሆነች ወፍ አየሁ። ይህች ማን ናት?

ይህ ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ በ1758 (እ.ኤ.አ.) ስም ያወጣላት ይህች ወፍ ከአይስላንድና ከደቡብ ምሥራቅ ግሪንላንድ ጀምሮ አውሮፓንና እስያን አቋርጣ እስከ ምዕራብ አላስካ ድረስ የምትራባ በመሆኗ፣ መልኳ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት ያላቸው ንዑስ ዝርያዎች 9 ናቸው።

በብሪታንያና በአየርላንድ ያለው ያሬሊ የሚባለው ንዑስ ዝርያ ነው፤ በ1837 (እ.ኤ.አ.) የወፍ ተመራማሪው ጆን ጉልድ በእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ በዊልያም ያሬል ስም ሰየመው። የዚህ ንዑስ ዝርያ ወንድ ጀርባው ጥቁር ነው፤ ሴቷ ግን ጥቁር ሳትሆን ጠቆር ያለ አመድማ ስለሆነች፣ ከአህጉረ አውሮፓ ከመጡት ጋር የምትምታታው እርሷ ናት። እዚህ ላይ ጀርባዋን ትተው ከጅራቷ መነሻ በላይ ያለውን ወገቧን ይዩ። በያሬሊ ላይ ወገቡ ጥቁር ነው፣ ጎኖቿም ጥላሸት የነካቸው ይመስላሉ፤ በአህጉሩ ወፍ ላይ ወገቡ አመድማ፣ ጎኑም ንጹሕ ነው። ችግሩ ወገቡ አብዛኛውን ጊዜ በክንፎቿ መሸፈኑ ነው፤ ስለዚህ ለመብረር ክንፏን ስትከፍት ወይም ላባዋን ስታበጥር የሚገኘውን ቅጽበት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በሩቅ ምሥራቅና በቻይና የሚገኘው ሉኮፕሲስ ጀርባው ጥቁር ሆኖ ፊቱ ሰፊ ነጭ ነው፤ ጉሮሮውም በመራቢያ ወቅት እንኳ ነጭ ሆኖ ስለሚቆይ ከላይ የተጠቀሰው የወቅት ደንብ ለእርሱ አይሠራም። በሳይቤሪያ የሚራባው ኦኩላሪስና በጃፓንና በካምቻትካ ያለው ሉጀንስ በነጩ ፊታቸው ላይ በዐይን በኩል የሚያልፍ ቀጭን ጥቁር መስመር አላቸው፤ የመጀመሪያው ጀርባው አመድማ፣ የሁለተኛው ወንድ ግን ጥቁር ነው። የመካከለኛው እስያ ፐርሶናታና የሂማላያ አልቦይዲስ ደግሞ ጉንጫቸው ሳይቀር ጥቁር ሆኖ ግንባራቸውና የዐይናቸው ዙሪያ ብቻ ነጭ ስለሆነ፣ ነጭ ጭንብል ያጠለቁ ይመስላሉ። የእነዚህ ሁለቱ ልዩነትም ጀርባቸው ላይ ነው፤ ፐርሶናታ አመድማ፣ አልቦይዲስ ጥቁር ነው። የመራቢያ ክልላቸው በሚገናኝበት ስፍራ አንዳንዶቹ ንዑስ ዝርያዎች እርስ በርስ ይዳቀላሉ፤ ስለዚህ መልኳ ለማንኛቸውም በትክክል የማይገጥም ወፍ መገኘቷ ሊያስገርም አይገባም።

ከየትኞቹ የቅርብ ዘመዶቿ ጋር ልትምታታ ትችላለች?

ጥቁርና ነጭ የሆኑ ሌሎች አራት ጅራት ወዝዋዦች አሉ፤ ደግነቱ መኖሪያቸው በየአህጉሩ የተከፋፈለ ስለሆነ አራቱንም በአንድ ቦታ የሚያገኝ ሰው የለም። ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ የሚኖረው ሞታሲላ አጉዊምፕ ላይ ላዩ ጥቁር ሆኖ ከዐይኑ በላይ ነጭ ቅንድብ፣ ክንፉ ላይ ደግሞ ሰፊ ነጭ ሰሌዳ አለው። በብርድ ወራት ከሰሜን የመጣችው ነጭ ጅራት ወዝዋዥ በአንድ ወንዝ ዳር ልትገኝ የምትችለው ከዚህ ጋር ስለሆነ፣ በአፍሪካ ውስጥ መልመድ የሚገባው ይህን ልዩነት ነው፤ ግንባሩ ጥቁር ሆኖ ቅንድቡ ብቻ ነጭ ከሆነ አጉዊምፕ ነው፤ ግንባሩና ጉንጩ አብረው ነጭ ከሆኑ እንግዳዋ ናት።

በሕንድ ክፍለ አህጉር ያለው ሞታሲላ ማዴራስፓቴንሲስም ነጭ ቅንድብ አለው፤ 21 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚረዝም ከጅራት ወዝዋዦች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ጉሮሮውም ጥቁር ነው። የጃፓኑ ሞታሲላ ግራንዲስ ጉንጩ ጥቁር፣ ግንባሩና ቅንድቡ ነጭ ነው። አራተኛው በሜኮንግ ወንዝ ተፋሰስ የሚገኘው ሞታሲላ ሳምቬአስና ሲሆን፣ ለሳይንስ የታወቀው በ2001 (እ.ኤ.አ.) ገና ነው፤ የተሰየመውም በካምቦዲያዊው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያ በሳም ቬአስና መታሰቢያነት ነው። በአውራ ጎዳና ዳር እንኳ የምትታወቅ ወፍ የቅርብ ዘመድ እስከዚያ ጊዜ ሳይለይ መቆየቱ፣ ጥቁርና ነጭን በጥንቃቄ ማየት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያሳያል።

ሆዳቸው ቢጫ የሆኑት ጅራት ወዝዋዦች ብዙም አያሳስቱም። አንድ ልዩ ጉዳይ ግን አለ፤ የሲትሪን ጅራት ወዝዋዥ ወጣት በመጀመሪያው የብርድ ወራት ምንም ቢጫ ላይኖረውና አመድማና ነጭ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ይህ ወጣት ደረቱ ላይ ጨረቃ የለውም፤ ጉንጩን ፈዛዛ ቀለበት ይከበዋል፤ ክንፉም ላይ ሁለት ሰፋፊ ነጭ መስመሮች አሉት።

ከሌላ ወገን ከሆኑ ጥቁርና ነጭ ወፎችስ?

በዚህ በኩል መጠንና አቀማመጥ ብቻ ብዙውን ሥራ ይጨርሳሉ። መግፓይ ከ44 እስከ 46 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም የቁራ ዘመድ ስለሆነች በቅርብ ያያት ሰው አይሳሳትም፤ ከሩቅ ግን መጠን ማነጻጸሪያ ሲጠፋ ያደናገራቸው ሰዎች አሉ። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ የተለመደው፣ የባንግላዲሽም ብሔራዊ ወፍ የሆነው መግፓይ ሮቢን በርዝመት ከጅራት ወዝዋዥ ጋር ይቀራረባል፤ ነገር ግን ጅራቱን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆማል፣ ወንዱም ራሱ፣ ጉሮሮውና ደረቱ ባጠቃላይ ጥቁር ነው። በአፍሪካ በሽቦና በቁጥቋጦ ጫፍ ላይ ተቀምጠው የሚያደቡት ፊስካል የሚባሉት ወፎች ምንቁራቸው እንደ ጭልፊት የተቆለመመ፣ ጀርባቸውም ላይ ነጭ ሰያፍ መስመሮች ያሉት ነው። ጥቁርና ነጩ ዝንብ አዳኝ 13 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይረዝማል፤ ቀኑን የሚያሳልፈውም መሬት ላይ ሳይሆን በዛፍ ቅርንጫፍ ነው።

የአውስትራሊያው ዊሊ ዋግቴይል በስሙ ከጅራት ወዝዋዦች ጋር ቢቆጠርም በዝምድና ከሌላ ቤተሰብ ነው፤ ጅራቱን የሚያወዛውዘውም ወደ ጎንና ጎን ነው። የእኛዋ ጅራት ግን ወዝዋዥ ብንላትም የሚሄደው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ስሙን ያወጣነው እኛ ስለሆንን ጥፋቱ የእርሷ አይደለም።

በድምጿ ልለያት እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜም ከማየትዎ በፊት ይሰሟታል። ስትነሣና ስትበር ደጋግማ የምታሰማው ድምፅ ሁለት ክፍል ያለው፣ ሹልና ደረቅ «ቺ-ሲክ» ነው። በረራዋ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ክንፏን ጥቂት ጊዜ መትታ ወደ ላይ ትወጣና ክንፏን ሰብስባ ትወርዳለች፤ በአየር ላይ ያለ ጥልቅ ማዕበል የምትከተል ይመስላል። ይህ አበራረርና «ቺ-ሲክ» አንድ ላይ ከተገኙ፣ ወፏ ገና ነጥብ ሆና ሳለች ማንነቷን መገመት ይቻላል። ዝማሬዋ ግን የጥሪ ድምፆቿን አፋጥና የምታያይዘው ጫጫታ ነገር ስለሆነ፣ ከታላላቆቹ ዘማሪዎች ተርታ አትመደብም።

ጅራቷን ለምን ትመታለች?

ሦስት ዓይነት መልስ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ነፍሳትን ከተደበቁበት ለማስነሣት ነው፤ ከወገኖቿ ጋር ለመግባባት ነው፤ ወይም ለአዳኝ «ነቅቻለሁ፣ አትድከም» ለማለት ነው። የነፍሳቱ ምክንያት እኔን ብዙም አላሳመነኝም፤ ምክንያቱም ምግብ በማትፈልግበት ጊዜ፣ ጣሪያ ጫፍ ላይ ቆማም ሳለ ጅራቷን ትመታለች። ንቁነቷን ለአዳኝ ታሳያለች የሚለው ግን፣ አካባቢዋን ስትቃኝ ጅራቷን አዘውትራ ከመምታቷ ጋር ይስማማል።

የትና መቼ ልፈልጋት?

ክፍትና ሣሩ አጭር የሆነ መሬት፣ በተለይም ውኃ የቀረበው፣ ተመራጭ ስፍራዋ ነው። የወንዝ ዳርቻ፣ የእርሻ ግቢ፣ የስፖርት ሜዳ፣ ጠፍጣፋ ጣሪያና የመኪና ማቆሚያ ሁሉ ይመቿታል፤ ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ግን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። በመኪና ማቆሚያ የምትመላለሰው ከመኪኖች ፊት የተጣበቁትን የሞቱ ነፍሳት ለመልቀም ነው፤ በጎን መስታወት ውስጥ የራሷን ምስል ስታይ ደግሞ ተቀናቃኝ መጣብኝ ብላ ትዋጋለች።

በብርድ ወራት ጠባይዋ ሁለት ዓይነት ነው። ቀን ቀን አንዳንዶቹ የየራሳቸውን ክልል ይጠብቃሉ። የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪው ኒክ ዴቪስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኦክስፎርድ አጠገብ በቴምዝ ወንዝ ዳር ባጠናቸው ወፎች፣ ባለ ክልሏ ወፍ ወንዙ ወደ ዳር የሚተፋቸውን ነፍሳት እየለቀመች ዳርቻውን ትዞራለች፤ አንዱ ዙር 40 ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል፤ እስክትመለስም ዳርቻው በአዲስ ምግብ ይሞላል። ምግብ ሲተርፍ ሌላ ወፍ በክልሏ እንድትመገብ ትፈቅዳለች፤ ሲያንስ ታባርራለች። ለተመልካች ይህ የሚጠቅመው ነገር አለ፤ አንድ ጊዜ ያመለጠችዎን ወፍ ከማሳደድ እዚያው ቆሞ መጠበቅ ይሻላል።

ሲመሽ ግን ያ ሁሉ ጠብ ይቀርና በመቶዎች እየተሰበሰቡ በአንድ ስፍራ ያድራሉ፤ ሸምበቆ ውስጥ ወይም በከተማ መካከል ባሉ ዛፎች ላይ። በደብሊን ኦኮኔል ጎዳና ዛፎች ላይ የነበረው ማደሪያ ከ1929 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታወቀ ነበር።

ጎጆዋን ባገኝ ምን አያለሁ?

በግንብ ስንጥቅ፣ በጣሪያ ክዳን ሥር፣ በድንጋይ ክምር ወይም በወንዝ ገደል ቀዳዳ ውስጥ የተሠራ የሣርና የሥር ጎጆ ነው። እንቁላሎቹ ብዙ ጊዜ 5 ወይም 6 ሲሆኑ፣ ነጣ ባለ መደብ ላይ ጥቃቅን አመድማ ነጠብጣብ አላቸው፤ ከ12 እስከ 14 ቀን ይታቀፋሉ። ጫጩቶቹም በሁለት ሳምንት ገደማ ይወጣሉ። ኩኩ የምትባለው ወፍ እንቁላሏን ከምትጥልባቸው ጎጆዎች አንዱ ይህ ነው። ወላጆቹ ከአቅራቢያዎ እየበረሩ «ቺ-ሲክ» ካበዙ፣ ለጎጆው ቀርበዋልና ይራቁ።

በርግጠኝነት መለየት ያቃተኝን ወፍ ምን ብዬ ልመዝግብ?

እስካረጋገጡበት ደረጃ ድረስ ብቻ ይመዝግቡ። «ነጭ ጅራት ወዝዋዥ፣ ንዑስ ዝርያዋ ያልተለየ» የሚል መዝገብ ትክክል ከሆነ፣ ከተሳሳተ ዝርዝር ስም ይሻላል። ከቀኑና ከቦታው ጋር የጉሮሮዋን፣ የጉንጯን፣ የግንባሯንና የጀርባዋን ቀለም ለየብቻ ይጻፉ። ፎቶ የሚያነሡ ከሆነ ከፊት ለፊት አንድ ቆንጆ ምስል ከማንሣት ይልቅ አንዱን ከጎን፣ አንዱን ከኋላ፣ አንዱን ደግሞ ስትነሣ ያንሡ። የእኔ ማስታወሻ እንዲህ ያሉ ያልተቋጩ መስመሮች ሞልተውበታል፤ ከእነርሱ አንዱ የተቋጨው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ልጥለው በነበረ ደብዛዛ ፎቶ ላይ ክንፏን ከፍታ ስትነሣ ጥቁሩ ወገቧ ስለ ታየ ነው።